የአሳማ ዘር ትምህርትና የአሌክሳንድሪያው ሠርግ

አሜሪካ ሄጄ ምን እንደተማርኩ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መልሱን ሲሰማ ስለ አየሩ ይጠይቀኛል። ስለዚህ መጀመሪያውኑ ልናገረውና ይለይልን። የሄድኩት የአሳማ ሥጋ ጥራት ከወላጅ ወደ ልጅ እንዴት እንደሚተላለፍ ለመማር ነው። የማስተምርበት የደብረ ዘይቱ የእርሻ ማሰልጠኛ ለሆቴሎችና ለውጭ አገር ሰዎች የሚሸጡ ጥቂት አሳማዎች አሉት። ሥጋቸው አንዳንዴ ውሃ ስለሚለቅ ሆቴሎቹ ያማርራሉ። የአጭር ጊዜ የትምህርት ዕድል ሲመጣ ከእኔ የሚቀድሙት መምህራን በየተራ ተጠየቁ። የአንዱ እናት ታመሙ፣ አንዱ ቤት እየሠራ ነበር፣ አንዱ ደግሞ ምክንያት ሳይሰጥ እምቢ አለ። እኔ ገና መቀጠሬ ስለነበር ምክንያት አላዘጋጀሁም።

ቅዳሜ ማታ ከቦሌ ተነሣሁ። እናቴ በርበሬ፣ ሽሮና ኮረሪማ አሽጋ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖሩት ዘመዷ ለእትዬ ጥሩነሽ እንዳደርስ ሰጠችኝ። ለጎረቤቶቻችን የነገረቻቸው «ስለ እንስሳት ልትማር ነው» ብላ ነው። ይህ ውሸት አይደለም፤ አሳማም እንስሳ ነው። ከደብረ ዘይት አዲስ አበባ በአውቶቡስ ሲኬድ ዱከም ላይ ወርዶ ጥብስ መብላት ይቻላል። አውሮፕላኑም ሮም ላይ ቆሞ ነበር፤ እኛ ግን አልወረድንም፤ ምግቡም በትንንሽ ሣጥን ተከፋፍሎ ያለንበት ድረስ መጣ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ የኔን ቅቤ ከራሳቸው ጋር ደርበው በኪሳቸው ከተቱት። ጠይቀውኝ ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የእትዬ ጥሩነሽ ባለቤት ጋሽ መኮንን በታክሲያቸው ተቀበሉኝ። ሥራቸው ታክሲ መንዳት ስለሆነ ሻንጣዬን ከኋላ ጭነው እኔንም ከኋላ አስቀመጡኝ፤ ከዚያ ትዝ ሲላቸው ወደ ፊት አዛወሩኝ። መንገዱን የሚያቋርጥ ከብት የለም፣ ጥሩምባ የሚነፋም የለም። ሾፌር የሚያሳስበው ነገር ያለ አይመስልም። ጋሽ መኮንን ግን ያስባሉ፣ የሚያስቡትም ጮክ ብለው ነው።

ቤታቸው ባለ ብዙ ፎቅ አፓርትመንት ውስጥ ነው። እኛ ጎረቤት የምንገናኘው በአጥር ላይ ነው፤ እነሱ የሚገናኙት በአሳንሰር ውስጥ ነው፤ ታዲያ እዚያ ውስጥ ሰው የሚያየው የፎቁን ቁጥር እንጂ ሰውን አይደለም። እትዬ ጥሩነሽ አልጋቸውን ለእኔ ለቀው እነሱ ሶፋ ላይ ሊተኙ ወስነው ቆዩኝ። ተከራከርኩ። አንሶላው ተቀይሯል ተባልኩ፤ ክርክሩ በዚሁ አበቃ።

እትዬ ጥሩነሽ ለብዙ ዓመት በሌላ ሰው ሬስቶራንት ወጥ ሲሠሩ ኖረው አሁን በራሳቸው ስም የሠርግ ኦርደር መቀበል ጀምረዋል። የመጀመሪያው ትልቅ ሠርግ በሚቀጥለው እሑድ አሌክሳንድሪያ ነበር፤ የገና ጾም ሳይገባ መድረስ ያለበት ሠርግ። የሙሽራዋ አባት አቶ ንጋቱ እዚያው አሌክሳንድሪያ ተዘግቶ የተቀመጠ ሱቅ አላቸው። እትዬ ጥሩነሽ ሱቁን ተከራይተው የራሳቸውን ምግብ ቤት ሊከፍቱበት ይፈልጋሉ። አቶ ንጋቱ «መጀመሪያ ሠርጉን እንይ» ብለዋል። ስለዚህ በዚያ ቤት በዚያ ሳምንት ስለ ሌላ ነገር አይወራም ነበር።

እራት ላይ የመጣሁበትን ጉዳይ ጠየቁኝ። ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳኋቸው። ሳልጨርስ እትዬ ጥሩነሽ ጭልፋውን አስቀመጡ።

«ይህን ለማን ለማን ነግረሻል?»

ለአውሮፕላኑ ሽማግሌ ብቻ፣ አልኩ።

«በይ ከዛሬ ጀምሮ የምትማሪው ስለ ከብት ነው። የምግብ ሠሪ ቤት ነው ይሄ። የዚያ ስም እንኳ እንዳይነሣበት።»

ሰኞ ጋሽ መኮንን ዩኒቨርሲቲው ወዳለበት ወደ ኮሌጅ ፓርክ አደረሱኝ። ተማሪዎቹ ከየአገሩ የመጣን ነን። የሚያስተምሩን ዶክተር ካረን የሚባሉ፣ ቦት ጫማ አድርገው ክፍል የሚገቡ ሴት ናቸው። በእኛ ማሰልጠኛ ቦት ጫማ የሚያደርገው ዘበኛው ነው።

ትምህርቱን ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ እንደማደርገው እዚህም ላስረዳ። አንዳንድ አሳማ ከተወለደ ጀምሮ ደንጋጣ ነው። መኪና ላይ ሲጫን፣ ከማያውቀው አሳማ ጋር ሲቀላቀል፣ ሰው ሲጮኽበት ጡንቻው ይደርቃል፣ ሰውነቱ ይግላል፣ አንዳንዴም እዚያው ይሞታል። ሳይሞት ቢታረድ እንኳ ጡንቻው ውስጥ አሲድ በፍጥነት ይጠራቀማል። ሥጋው ገና ትኩስ ሳለ አሲድ ሲበዛበት ይነጣል፣ ይልፈሰፈሳል፣ ውሃውን ይለቃል። የኛ ሆቴሎች የሚያማርሩት ይህንኑ ነው። ምክንያቱ ከወላጅ ወደ ልጅ የምትተላለፍ፣ ጂን የምትባል አንዲት የዘር ቅንጣት ናት። የተበላሸችውን ጂን ከአባቱም ከእናቱም የወረሰ አሳማ ደንጋጣ ይሆናል፤ ከአንዳቸው ብቻ የወረሰ ደኅና መስሎ ይኖርና ለልጆቹ ያስተላልፋል። ታዲያ እንዲህ ያለች ጂን ለምን አልጠፋችም? ያለችባቸው አሳማዎች ጮማቸው ትንሽ፣ ቀይ ሥጋቸው ብዙ ስለሆነ ነው። አርቢዎቹ ሥጋ የበዛውን እየመረጡ ለዓመታት ሲያዳቅሉ ድንጋጤውንም አብረው መርጠዋል። ይህን ስሰማ ብዕሬን አስቀምጬ ትንሽ አሰብኩ።

ማክሰኞና ረቡዕ በረት ውስጥ ዋልን። ድሮ ግልገሉን በጭንብል የማደንዘዣ ጋዝ ያሸቱት ነበር፤ እግሩ እንደ እንጨት ከደረቀ ደንጋጣ ነው ተብሎ ይለያል። አሁን ከደም ጠብታ ጂኗን ራሷን መመርመር ተችሏል። እኔም ደም ቀዳሁ። አሳማዋ አልደነገጠችም፤ ጃማይካዊው የክፍል ጓደኛችን ግን ወጥቶ መቀመጥ አስፈልጎት ነበር። ማታ ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ ስገባ ልብሴን በር ላይ እንዳወልቅ ፌስታል ይዘው ይጠብቁኛል። ሁለት ጊዜ ታጥቤ የምስር ወጥ ይቀርብልኛል። እትዬ ጥሩነሽ «ከብቶቹ እንዴት ዋሉ?» ይላሉ። ደኅና ዋሉ እላለሁ።

ሐሙስ የትምህርቱ የመጨረሻ ቀን፣ የቅምሻም ቀን ነበር። የሥጋ ጥራት በመሣሪያ ብቻ ስለማይለካ የሠለጠኑ ቀማሾች አሉ። እያንዳንዱ በጠባብ ሣጥን ውስጥ ለብቻው ተቀምጦ፣ የሥጋው መልክ እንዳያታልለው ቀይ መብራት በርቶለት፣ ያለ ምንም ድምፅ ያኝካል። በእኛ አገር ጥብስ ጥሩ ነው መጥፎ ነው ብሎ መወሰን የብዙ ሰው ጫጫታ ይጠይቃል። እኛ ተማሪዎቹም እንድንሞክር ተደረገ፤ ተራዬ ሲደርስ «አልበላም» አልኩ። የእትዬ ጥሩነሽ ማስጠንቀቂያ ልማዴን ሰብሮት ይሁን አላውቅም፣ በሳምንቱ ውስጥ ሳላብራራ ያለፍኩት ነገር ይህ ብቻ ነው። ዶክተር ካረን ያፈርኩ መሰላቸው። የምስክር ወረቀት ሲያድሉን በነጭ የሥጋ ወረቀት የተጠቀለለ፣ በጥራቱ የተመረጠ የአሳማ ወገብ ሥጋ ከምስክር ወረቀቱ ጋር ሰጡኝ፤ ላዩ ላይ በብዕር «ለቤተሰብሽ፣ ከካረን» ብለው ጽፈዋል። ሁሉም አጨበጨቡ። በሁለት እጄ ተቀበልኩ፤ ጎንበስም አልኩ። ስጦታን በሰው ፊት መመለስ አላደግኩበትም።

ጋሽ መኮንን ሊወስዱኝ ሲመጡ የሠርጉን የበሬ ሥጋ ከልኳንዳ ተቀብለው ከታክሲው ኋላ ባለው የዕቃ መጫኛ፣ ትራንኩ ውስጥ ጭነው ነበር። የያዝኩትን ነገርኳቸው። ሳቁ፤ ነገ ታክሲ ተራ ላይ ለሚያውቁት ለአንድ ጋናዊ ሾፌር እንደሚሰጡት ነገሩኝ፤ ትራንኩ ጥግ፣ ከትርፍ ጎማው አጠገብ ለብቻው አስቀመጡት። ቤት ያለው ፍሪጅ በዶሮ ወጥ ስለሞላ፣ የጥቅምት መጨረሻ ብርድም ከፍሪጅ ስለማይተናነስ፣ ሥጋው ሁሉ እዚያው መኪና ውስጥ አደረ። ለእትዬ ጥሩነሽ አልነገርናቸውም። የዚያ ስም እንዳይነሣ ተብሏል።

ዓርብ ጠዋት ዘግይቼ ተነሣሁ። ወጥ ቤት ውስጥ አስፐን ሂል ከሚባለው ሰፈር ለሥራ ዕርዳታ የመጣችው ዘነበች ሥጋ እየከተፈች ነው። ጋሽ መኮንን በማለዳ ሻንጣ የበዛበት ተሳፋሪ ስለገጠማቸው «ትራንኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ አውጪልኝ» ብለዋት ነበር። ዘነበች ሥራዋን የምታውቅ ሴት ናት፤ ሁሉንም አወጣች። ቆሻሻ መጣያው አፍ ላይ ነጭ ወረቀት አየሁ። «ለቤተሰብሽ፣ ከካረን» ይላል።

«ይሄ ምን ተጠቅልሎበት ነበር?» አልኳት።

«ከሥጋዎቹ አንዱ። ባለ ልኳንዳው ለእትዬ ጥሩነሽ ሰላምታ የጻፈ መስሎኝ። ምነው?»

የተከተፈው በሰፊ ጎድጓዳ ሣህን ተቀላቅሎ እስከ አፉ ደርሷል። እትዬ ጥሩነሽ ሽንኩርት ገዝተው የገቡት በዚያው ሰዓት ነው። የማውቀው የመናገሪያ መንገድ አንድ ብቻ ስለሆነ ከቅምሻው ሣጥን ጀምሬ በቅደም ተከተል ነገርኳቸው። ሁለቱም እስክጨርስ ጠበቁኝ። ሽንኩርቱ በእጃቸው እንደተንጠለጠለ ነበር።

«ዘነበች» አሉ በመጨረሻ፣ «ቀምሰሻል?»

ይህን መጠየቃቸው ትክክል ነበር። ለማታውቁት ላስታውስ፤ የበሬ ሥጋ የምትከትፍ ሴት ከአራት ቁራጭ አንዱን በጥሬው ወደ አፏ ባትልክ ታማለች ተብሎ ይጠረጠራል።

«ዓርብ አይደል እንዴ» አለች ዘነበች። ቢላውን ከእጇ አስቀመጠች። «ዓርብ ባይሆን ኖሮ ግማሹን እኔ ነበርኩ የምጨርሰው።»

ከዚያ የኔ ተራ መጣ። ሳምንቱን ሙሉ የተማርኩት መጥፎውን የአሳማ ሥጋ መለየት ነው፤ የነጣውን፣ የለሰለሰውን፣ ውሃ የለቀቀውን። ዶክተር ካረን የሰጡኝ ግን ጥሩውን ነው፤ ቀላ ያለ፣ ጠንከር ያለ፣ ውሃውን ያልለቀቀ። ቢሆንም የጮማው ንጣትና የሥጋው ክሮች ቅጥነት ከበሬው ይለያል። እጅጌዬን ሰብስቤ አንድ በአንድ ለቀምኩ። በትንሽ ሣህን ለብቻ አስቀመጥኩት።

«ይሄ ነው?» አሉ እትዬ ጥሩነሽ።

«ይሄ ነው።»

«ሌላው ንጹሕ ነው? እርግጠኛ ነሽ?»

መምህር ነኝ። አንድ ነገር በዓይን ብቻ ታይቶ ፍጹም ተረጋገጠ አይባልም፤ ለተማሪዎቼም ይህንኑ አስተምራለሁ። ስለዚህ «ዘጠና አምስት በመቶ» አልኩ።

እትዬ ጥሩነሽ ሽንኩርቱን መሬት ላይ አስቀምጠው ተቀመጡ። «አቶ ንጋቱን ምን ልበላቸው? ሠርጉ ዘጠና አምስት በመቶ የክርስቲያን ነው ልበላቸው?»

ዘነበች ቀይ ወጥ ውስጥ ገብቶ በርበሬ ከለበሰ ማንም እንደማይለየው፣ የምናውቀውም ሦስታችን ብቻ እንደሆንን በቀስታ አስታወሰች። እትዬ ጥሩነሽ አራተኛው መኮንን ነው አሉ። ደግሞም ዘነበች ያወቀችውን አስፐን ሂል እስከ ማታ ያውቀዋል። ዘነበች ተቀየመች፤ ግን አልተከራከረችም። ጎድጓዳው ሣህን ከነሥጋው፣ መክተፊያዎቹና ቢላዎቹ በሙሉ በድርብ ፌስታል ታሥረው ወደ ቆሻሻ ገንዳ ወረዱ። ጠረጴዛው በሎሚ ታጠበ፣ በወተት ጋሎን ተቀድቶ የተቀመጠው ጸበልም ተረጨበት። እኔም ተረጨሁ።

«አሁን አሌክሳንድሪያ እንሄዳለን» አሉ እትዬ ጥሩነሽ። «ከሌላ ሰው ከሚሰሙ ከእኔ ይስሙ። አንቺም ትመጫለሽ።»

ጋሽ መኮንን የታክሲውን ሒሳብ ቆጣሪ ሜትር ሳያስነሡ ወሰዱን። የፖቶማክን ወንዝ የሚያሻግረው ሰፊ ድልድይ ለመርከብ ተከፍቶ ስለነበር መኪናው ሁሉ ቆመ። የድልድዩ መንገድ ከመሐል ተከፍሎ ወደ ሰማይ ቆሟል። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ ስለማላውቅ፣ ሚዛኑ ከሥር እንደሚሆንና እንዴት ሊነሣ እንደሚችል መናገር ጀመርኩ።

«አደራሽን» አሉ እትዬ ጥሩነሽ፣ «ድልድዩን እንኳ ተይልኝ።» ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ የሚናገሩትን እያጠኑ ነው። መርከቢቱ ትንሽ ነበረች፤ ለሷ ሲባል ይህን ያህል ሰው መቆሙ ገረመኝ።

አቶ ንጋቱ በድሮው ጊዜ አውራጃ ያስተዳደሩ፣ አሁን የመኪና ማቆሚያ የሚያስተዳድሩ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ቤታቸው በእንግዳ ስለተሞላ ጋራዡ ውስጥ ተቀበሉን። እትዬ ጥሩነሽ ተቀመጪ ቢባሉ አልተቀመጡም። ያጠኑትን ትተው በአጭሩ ተናገሩ፤ የዚያን እንስሳ ስምም ራሳቸው ጠሩት። ለካ ከእኔ በተሻለ ማስረዳት ይችላሉ።

አቶ ንጋቱ አይናቸውን ከእትዬ ጥሩነሽ ሳይነቅሉ ሰሙ።

«ሥጋውን ምን አደረግሽው?»

«ጣልኩት።»

«የተቀላቀለውን?»

«ሁሉንም። ቢላውንም።»

«ዶሮውስ?»

«ዶሮው ትናንት ነው የተሠራው፤ ፍሪጅ ውስጥ ነበር። ካልፈለጉት እሱንም እጥላለሁ። ኦርደሩንም ለሌላ ሰው ልስጥ ካሉ ሰው አሳያችኋለሁ፤ ሽንኩርቱ ተገዝቷል።»

አቶ ንጋቱ ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። ምን ልማር እንደመጣሁ ጠየቁኝ። እትዬ ጥሩነሽን አየሁ፤ በአገጫቸው ፈቀዱልኝ። ደንጋጣውን አሳማ ከነጂኑ አስረዳሁ። አቶ ንጋቱ በጣም በጥሞና አዳመጡኝ። ስጨርስ ጂኗ ሰውም ላይ ትኖር እንደሆነ ጠየቁኝ። ተመሳሳዩ በአንዳንድ ቤተሰብ አለ፣ ማደንዘዣ ሲሰጣቸው ይታወቃል፣ አልኳቸው። «አውቄዋለሁ» አሉ፤ ማንን ማለታቸው እንደሆነ ግን አልነገሩንም። ከዚያ ተነሥተው በሩን ከፈቱልን። «ነገ ልኳንዳው ጋ እኔ ራሴ እመጣለሁ። ይቺን ልጅ ይዘሻት ነይ።» ስለ ሱቁ ምንም አላሉም። በመመለሻችን ድልድዩ ወርዶ ገጥሞ ስለነበር ሳንቆም አለፍን።

ቅዳሜ ማለዳ ከጌይተርስበርግ ወዲያ ወዳለው የገበሬ ልኳንዳ ሄድን። አቶ ንጋቱ ኮት ለብሰው፣ ከረባት አሥረው ቀድመውን ደርሰዋል። ሥጋውን እንድመርጥ ታዘዝኩ። የመጀመሪያው ጭን ጠቆር ያለና ደረቅ ነበር፤ በሬው ከመታረዱ በፊት ብዙ ደክሞ፣ ጡንቻው ውስጥ ያለውን ኃይል ጨርሶ ነበር ማለት ነው። በእኛ አገር ከሩቅ ተነድቶ ዕለቱን የሚታረድ በሬ ሥጋም እንዲሁ ነው። ባለ ልኳንዳው ሲሰማኝ ቆየና ሌላ አወጣ። ይህኛው ደማቅ ቀይ፣ ጮማው ጠንካራ፣ እንከን የሌለው ነበር። ይህ ይሁን ልል ቀና ስል፣ በሥጋ ማሳያው መስተዋት ውስጥ ከበሬው ሥጋ አንድ ክንድ ርቆ ሳምንቱን ሙሉ የተማርኩትን ነገር በሰልፍ ተደርድሮ አየሁ። ነጣ ያለ ነበር። ጂኗ ያለችበት ሳይሆን አይቀርም።

አፌን ስከፍት እትዬ ጥሩነሽ እግሬን ረገጡኝ።

አቶ ንጋቱም ወደ መስተዋቱ ተመለከቱ። ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ቀጥለው ከረባታቸውን አስተካክለው ለባለ ልኳንዳው ቢላውን እንዲያጥብ ብቻ ነገሩት። ሥጋውን ተሸክመው መኪናው ድረስ ያደረሱት ራሳቸው ናቸው። ያን ቀን እስኪመሽ ስንከትፍ ዋልን። ቅዳሜ ስለነበር ዘነበች የዓርቡን አካካሰች።

እሑድ ሠርጉ አሌክሳንድሪያ በአንድ ሰፊ አዳራሽ ሆነ። ደብረ ዘይት ቢሆን ድንኳን ይተከልና ዝናብ ይመጣል። እዚያ ጣሪያ አለ፤ ነገር ግን በዚህ ሰዓት ልቀቁ ይባላል። የምግቡ ጠረጴዛ ተዘጋጅቶ እትዬ ጥሩነሽ ነጭ ሽርጥ አድርገው ከኋላው ቆሙ። ሰዉ ተሰለፈ፤ ግን ሰልፉ አይንቀሳቀስም። ከፊት ያሉት ሴቶች ሣህን ይዘው ይንሾካሾካሉ። አስፐን ሂል ያወቀውን አሌክሳንድሪያም አውቆት ነበር። ዘነበች ጣሪያውን ታያለች።

አቶ ንጋቱ ከሙሽሮቹ አጠገብ ተነሥተው አዳራሹን አቋርጠው መጡ። ሣህን አልያዙም። እንጀራ ቆርሰው ከቀይ ወጡ ሥጋ ጠቀለሉና በጠረጴዛው ላይ ተንጠራርተው ወደ እትዬ ጥሩነሽ አፍ ዘረጉ። ጉርሻ አክብሮት ነው፤ ያን ጊዜ ግን ለአክብሮት ይሁን ለፈተና ለመለየት አስቸጋሪ ነበር። እትዬ ጥሩነሽ አፋቸውን ከፈቱ። ትልቅ ጉርሻ ነበርና ለማኘክ ጊዜ ወሰደ። ዋጡ። አቶ ንጋቱ ሁለተኛ ጠቀለሉ፤ እሱንም ዋጡ። ሦስተኛውን ጠቅልለው ወደ ራሳቸው አፍ ከተቱት።

እያኘኩ «ሰኞ መጥተሽ ሱቁን እዪው» አሉ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ምግቡ ከፎቶግራፉ በፊት አለቀ።

ሰኞ የመመለሻዬ ቀን ነበር። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አውሮፕላን ጣቢያው የሚወስደው መንገድ በአሌክሳንድሪያ በኩል አይደለም፤ እኛ ግን በአሌክሳንድሪያ በኩል ሄድን። ጋሽ መኮንን ሞተሩን ሳያጠፉ ጠበቁ። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ወለሉ ላይ የወደቀ መደርደሪያ አለ፣ የቧንቧው ውሃ ቡናማ ነው። እትዬ ጥሩነሽ ኮታቸውን ሳያወልቁ ምድጃው የሚቆምበትን ግድግዳ በእጃቸው ዳሰሱ። ከዚያ ጓዳው ውስጥ ገብተው ብዙ ቆዩ። በረራው ሊያመልጠኝ ስለነበር በሩ ላይ ሆኜ ጠራኋቸው።

«ፍሪጅ ሁለት አስገባለሁ» አሉ ሲወጡ። «አንዱ እንግዳ ይዞ ለሚመጣው ነገር። ቁልፍ ያለው።»